ራስ ያዥ

ኅዳር 6

ውድ እታለም፣

አዎ፣ በልቻለሁ። አዎ፣ ተኝቻለሁ። አዎ፣ ፎጣዬን ለማንም አላውስም። ጥያቄዎችሽን በሙሉ መለስኩ፤ አሁን ሰላምታ ይፈቀድልኝ። እንደምን ከረምሽ? እኔ ከናፍቆትሽና አፍንጫዬን ከላጠው ማስክ በስተቀር ምንም አልሆንኩም።

ጋሼ ኦክስጅን ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ እንዳይሰበር የፈራ ይመስል በሁለት እጁ ይዞ ነው። ባዶ ሲሊንደር ሊያስሞላ እናንተ ከተማ መመላለሱ ለእኛ ለሁለታችን ሲባል የታዘዘ ይመስለዋል። "እናታችሁ ቤት ኔትወርክ የለም፣ እህትሽ ደግሞ እንዳትናገር ተከልክላለች። እኔ ባልኖር ምን ይበጃችሁ ነበር?" ይለኛል። እውነቱን ስለሆነ ሻይ አጠጣሁት።

አንቺ አፍሽን ዘግተሽ ትቀመጫለሽ መባሉን ግን የጽኑ ሕሙማን ክፍላችን ውስጥ ያመነ የለም። "ደወሏ ዝም አለች?" እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ግን አደራ እልሻለሁ፣ ሐኪሙ ያለሽን ስሚ። ያን ያህል ጊዜ ቱቦ ጉሮሮሽ ውስጥ ከርሞ ነፍስሽ መትረፏ ትልቅ ነገር ነው። በሹክሹክታም እንዳታወሪ፤ እሱ እንዲያውም ይብሳል አሉ። ለመሆኑ ድምፅሽ እንዴት ነው?

ወሬ ከፈለግሽ ሞልቷል። የነርሶች ክፍል ማንቆርቆሪያ ተጠገነ። ያ አልዘጋ ብሎ ያስቸገረን መስኮት በምስማር ተመታና አረፈ። አለቃችን ሜትሮኗ አዲስ መነጽር ገዝታ ድሮ የማታያቸውን ነገሮች በሙሉ ማየት ጀምራለች፤ ጉዳችን ፈላ። ለነርሳችን ለቀውላላው የደረሰው ጋዋን ጉልበቱ ላይ ስለሚቀር የታናሽ ወንድሙን የለበሰ ነው የሚመስለው፤ ሰላም በይልኝ ብሎሻል። ሦስት ሕሙማን በገዛ እግራቸው ወጥተዋል። አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የጋዋናችሁን ማሰሪያ እንደ ሰው እሰፋላችኋለሁ ብላ ቃል ገብታ ሄደች።

እንግዲህ ይሄው ነው፣ ሌላ አዲስ ነገር የለም። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ሚጢጢሽ


ኅዳር 10

ሚጢጢ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እማዬ ጮክ ብላ እያነበበች ሳቀች። በኋላ ብቻዬን ደግሜ አነበብኩት፤ እኔ አልሳቅኩም።

ስለ ማንቆርቆሪያው ነግረሽኛል። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ሜትሮኗ መነጽር፣ ስለ ቀውላላው ጉልበት ነግረሽኛል። ስለ ማዞር አንድ ቃል የለም። ምን ማለት ነው ይሄ? የክፍላችን ሥራ ማዞር አይደለም እንዴ? የመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው ጀርባው ላይ ብቻ ከዋለ ሳንባው አየር አያገኝም። ጠዋት በሆዱ እናስተኛዋለን፣ ሲበቃው ወደ ጀርባው እንመልሰዋለን። ለዚያ ስድስት ሰው ይፈልጋል፦ አንዱ ራሱን ከነቱቦው ይይዛል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት፣ አንዱ እግር ላይ ሆኖ የሽንት ቱቦውን ይጠብቃል። ራስ ያዡ ሳያዝዝ ማንም ጣቱን አያንቀሳቅስም። ረስተሽዋል ብዬ አይደለም የምነግርሽ። ይሄንን ሳትነኪ ያን ሁሉ ገጽ መሙላትሽ ገርሞኝ ነው።

ልጅ ሆነሽ ብርጭቆ የሰበርሽ ቀን ቤቱን በሙሉ ትጠርጊ ነበር። እማዬ ከገበያ ስትመለስ የጸዳ ወለል ካየች ሰላም እንኳ ሳትል "ምን ተሰበረ?" ነበር የምትለው። እኔም ሌላ ጥያቄ የለኝም። ምን ተሰበረ? ራስ የሚይዘውስ ማነው?

እህትሽ

ስለ ድምፄ ጠይቀሽ ነበር። ደህና ነው።


ኅዳር 13

እታለሜ፣

ይቅር በይኝ። እንድትድኚ እንጂ እንድትብሰለሰዪ አልፈለግኩም። ደግሞም ዓይንሽ ከሜትሮኗ መነጽር እንደሚበልጥ መርሳቴ የራሴ ጥፋት ነው።

አንቺ ታመሽ በተኛሽ ጊዜ ራስ ይይዝ የነበረው ሰመመን ሰጪው ዶክተር ነው፤ አንቺንም ያዞረሽ እሱ ነው። አንቺ በወጣሽ ማግስት እሱን ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዱት። ያኔ ቀውላላው "እኔ እይዛለሁ" አለ። ደስ አለን። እጁ ሰፊ፣ ልቡ ደግ፣ ምን ይጎድለዋል ብለን።

አልጋ አራት ላይ የተኛውን የሂሳብ መምህር ልናዞር ቆምን። አንቺ ቆጥረሽ አታውቂም። "ያዙ" ትያለሽ፣ ትንፋሽሽን ስትስቢ ይሰማናል፣ "አዙሩ" ስትዪ ሁላችንም ከትንፋሽሽ ጋር ተነሥተናል። ቀውላላው ግን "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አለ። በቀኝ ያለነው "ሦስት" ሲል ሳብን። በግራ ያሉት ደግሞ ከሦስት በኋላ "አዙሩ" እስኪል ይጠብቃሉ። ቀድሞ "ሦስት ላይ ነው ወይስ ከሦስት በኋላ?" ብሎ የጠየቀ የለም፤ ማን ይጠይቃል እንዲህ ያለ ነገር? ሰውዬው ግማሹ ተነሥቶ ግማሹ ቀረ። ቱቦው ወጣ።

የቀረውን አልጽፈውም። ተረኛዋ ዶክተር እየሮጠች መጥታ መልሳ አስገባችለት። ልቡ አልቆመም፣ ዛሬም አለ። ይሄን ያህል ከነገርኩሽ ይበቃል። ቀውላላው ግን ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ። ያን የሚያክል ሰው እንደዚያ ሲንሰቀሰቅ አይቼ አላውቅም፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። መነጽሬ ውስጡ ጭጋግ ሆኖ በሩን አጥቼ ግድግዳ ስዳብስ ነበር፤ ብታዪኝ ይሄኔ ትስቂ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ራስ ለመያዝ የሚደፍር ጠፍቷል። ተረኛዋ ዶክተር ባገኘናት ጊዜ እንለምናታለን። እሷ ደግሞ ለሦስት ክፍል አንድ ናት፤ እኛ ስንፈልጋት ሌላ ቦታ ናት። ስለዚህ ሰዎቻችን መዞር ካለባቸው ሰዓት በላይ ጀርባቸው ላይ ይቆያሉ።

አንቺ መቼ ነው የምትመለሺው? ቁርጥ ያለ ቀን ንገሪኝ፣ እኔም ለእነሱ ልንገራቸው።

ሚጢጢ


ኅዳር 17

ሚጢጢ፣

ማን ቁጠሩ አላችሁ? ማን! ደብዳቤሽን ሳነብ ጠረጴዛውን ብመታው የእማዬ ጭልፋ ከወጥ ቤት ወደቀ። መጮህ ስላልቻልኩ ነው እንጂ ድምፄ እዚያ ድረስ ይደርስላችሁ ነበር።

እሺ፣ በረደልኝ። አሁን ለቀውላላው የምልሽን ንገሪው። ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ እጁን አውቀዋለሁ፣ ደህና እጅ ነው። ስድስታችሁ ሳትነጋገሩ ጀመራችሁ፣ በቃ። ይሄንን ለእሱ ብቻ ማሸከም ነውር ነው። ምግቡን እየበላ እንደሆነ እይልኝ። ሲከፋው አይበላም።

ራስ መያዝ ደግሞ የጉልበት ነገር አይደለም። ቱቦውን በሁለት ጣትሽ ከከንፈሩ ጥግ ጋር አጣብቀሽ ያዢ፣ የቀረው መዳፍሽ ጉንጩ ላይ ይረፍ። መጀመሪያ ወደ ማሽኑ በኩል አዙሩት፣ ሁልጊዜ ወደ ማሽኑ በኩል። አንድ ነገር ከጠረጠርሽ "ቁሙ" በይ፤ "ቁሙ" ብሎ ያፈረ ነርስ አላየሁም። ሲዞር አብረሽ ዙሪ፤ እግርሽን ቀድመሽ ካላስተካከልሽ ወገብሽ ይጠመዘዛል። ዓይንሽን ከፊቱ እንዳታነሺ።

ለምን ለአንቺ እንደምነግርሽ የገባሽ ይመስለኛል። ራሱን አንቺ ያዢ። ቁመትሽ ያጥራል ካልሽ መርገጫ ሣጥኑ ማከማቻው ውስጥ አለ።

እማዬ ደህና ናት። ዶሮዎቿን ከእኔ የበለጠ ታናግራቸዋለች፤ ከእኔ የተሻለ ይመልሱላታላ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። የላክሽልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል።

እህትሽ


ኅዳር 20

እታለም፣

ሹራቡ ልክ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። መቼ ትመለሻለሽ ብዬ ስጠይቅ ስለ ዶሮና ስለ ሹራብ የጻፍሽልኝን ግን አልረሳልሽም።

አልይዝም። ይሄን በቁሙ ልንገርሽ። እኔ እኮ ድምፄ በማስክ አይደለም፣ ያለ ማስክም ከጆሮ አይደርስም። ልጅ ሆነን አንቺ ነበርሽ የምትጣሪልኝ። ደግሞም ቦታው የአንቺ ነው። ያለፈው ሳምንት ሜትሮኗ ወደ አልጋው ራስጌ ስትገፋኝ ሰው ቤት ገብቼ ሳጥን የምከፍት ነው የመሰለኝ።

ቀውላላው ይበላል፣ ግን አይቀልድም። የአንቺን ቃል ስነግረው ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ሜትሮኗ ትናንት ሰብስባን ተናገረች። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ራስ ያዥ ካልተገኘ ማሽን ላይ ያሉትን በሙሉ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ታዛውራለች። የመንገዱን ርዝመት ታውቂዋለሽ። ሁሉም አይደርሱም። እሷም ታውቃለች፤ ስትናገር መነጽሯን አውልቃ ነበር። ስለዚህ እታለሜ፣ ነገሩ የእኔና የአንቺ ናፍቆት አይደለም። ሰዎቹ ያለ ራስ ያዥ አይተርፉም፤ ራስ ያዥ ደግሞ አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ኦክስጅን ክሊኒኩ በር ላይ አይቶሽ "እንዴት ነሽ?" ቢልሽ ጉሮሮሽን አሳይተሽ ራስሽን እንደነቀነቅሽበት ነገረኝ። ሰውዬው ወሬ ያበዛል እንጂ አይዋሽም። አንቺ ደግሞ "ደህና ነው" ብለሽ በአንዲት ቃል ዘግተሽዋል። ወለሉን በጣም አጸዳሽው። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ምን ተሰበረ?

ሚጢጢ


ኅዳር 23

እህቴ፣

እሺ።

አንደኛው የድምፅ አውታሬ አይንቀሳቀስም። ሐኪሙ የጉሮሮ መስታወቱን አስገብቶ ሁለት ጊዜ አይቶታል። በወራት ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ከዚህ በላይ አላውቅም አለኝ። ሳንባዬ ደህና ነው፣ እግሬ ደህና ነው፣ ደረጃ እወጣለሁ። ስናገር ግን ከጎማ እንደሚወጣ አየር ነው።

ባለፈው እማዬ ልብስ ታሰጣ ነበር፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ማንም አያየኝም ብዬ ከበረንዳው ላይ ጠራኋት። ከገመዱ እስከ በረንዳው ምን ያህል እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ እጅ ብትዘረጊ ትደርሺያለሽ ማለት ይቀላል። ደግሜ ጠራኋት። ስትጨርስ ቅርጫቷን አንሥታ ስትዞር አየችኝና "መቼ ወጣሽ?" አለችኝ። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴን መጥራት ያቃተኝ ሰው አምስት ሰው ላዝዝ?

ለሜትሮኗ ነግሬያታለሁ። አልመለስም። ከእኔ ከመስማትሽ በፊት ከእሷ እንዳትሰሚ ብዬ ነው የቸኮልኩት። እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ማለት ያ ድምፅ ነበርኩ። ራስ መያዝ ካልቻልኩ ምን ላደርግ ነው የምመጣው? ትኩሳት እየለካሁ በዚያ በኩል ሳልፍ ልባችሁ እንዲያዝንልኝ? አይሆንም። እዚህ ለእማዬ ዶሮዎች መርፌ እወጋለሁ፤ እነሱ እንኳን ድሮም አይሰሙኝም።

አትምጪ። አትለምኚኝ። ጻፊልኝ ብቻ።

እህትሽ


ኅዳር 24፣ ጠዋት

እታለም፣

አልለምንሽም። ተናድጃለሁ። እንዲህ ጦፌ አላውቅም፤ ብዕሬ ወረቀቱን እየቀደደው ነው።

አንቺ ማሽን ላይ ሳለሽ ድምፅ ነበረሽ? አልነበረሽም። ታዲያ ያን ጊዜ ማነው ያልሽው አልጋው ላይ የተኛው? እኔ እህቴን መሰለችኝ። ያጠብኩት እግር የእህቴ መሰለኝ። ቀውላላው በየፈረቃው መጨረሻ እየመጣ ጥፍርሽ እንዳልጠቆረ አይቶ ሲሄድ የአንድ ደወል ጥፍር ነበር የሚያየው?

"እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ማለት ያ ድምፅ ነበርኩ" ትያለሽ። ስንቱን አስተምረሽ፣ ስንቱን ደግፈሽ! እንዲህ ስትዪ የምናፍረው እኛ ነን።

ብዙ የምልሽ ነበረኝ፣ ግን እየጠሩኝ ነው። መምህሩ ከነጋ ጀምሮ የደሙ ኦክስጅን እየወረደ ነው። ዶክተሯ ሌላ ክፍል ተይዛለች።


ኅዳር 25

እታለሜ፣

የትናንቱን ልቀደው ነበር፣ ተውኩት። ጋሼ ኦክስጅን ሳይመጣ ስለቀረ ሁለቱንም አብረሽ ነው የምታነቢው። የተናደድኩትን አንብበሽ፣ ትንሽ አኩርፈሽ፣ ወደዚህኛው ነይ።

ራሱን ያዝኩት።

ማን እንደላከኝ አላውቅም። ማሽኑ ይጮኻል፣ ሁላችንም አልጋውን ከበን ቆመናል፣ ሁሉም ሌላውን ያያል። እኔም ሌላ ሰው ስፈልግ ዞር ዞር አልኩ። ከዚያ "እኔ እይዛለሁ" የሚል ነገር ሰማሁ፤ ለካ ከእኔ አፍ ነው። ቀውላላው መርገጫ ሣጥኑን ሳልጠይቀው አምጥቶ አስቀመጠልኝ።

የአንቺን "ያዙ… አዙሩ" ልል አስቤ አፌን ስከፍት የሚሰማኝ እንደሌለ ገባኝ። አንቺ ትጠሪያለሽ፣ እነሱ ይሰማሉ። እኔ ግን ሁሉም እንደሰሙኝ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ጠየቅኋቸው። "ቀኝ ትከሻ?" አልኩ። "አለሁ" አለች። "ቀኝ ወገብ?" "አለሁ።" "ግራ ወገብ?" "አለሁ።" "ግራ ትከሻ?" ቀውላላው ነው፤ "አለሁ!" ሲል መስኮቱ ተሰማው። ያልመለሰ ካለ አላዞርም አልኳቸው። በመጨረሻ "እግር?" ብል ቦታው ባዶ ነው። ሁለት ነርሶቻችን ታመው ተገልለዋል፣ እግር ላይ ሰው የለንም። የሽንት ቱቦውን ባሻገር በዓይኔ እጠብቃለሁ ብዬ ጨከንኩና "አዙሩ" አልኩ።

ዞረ! እታለም፣ ሰውዬው እንደ ሕፃን ነው የዞረው። ቱቦው ንቅንቅ አላለም። ማሽኑ ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱን ተወ፣ ቁጥሩም ቀስ እያለ ወጣ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ሰው አዞርን። ሜትሮኗ በበሩ መስታወት እያየችን ነበር፤ አምቡላንሶቹን መልሳቸዋለች።

ቦታሽን ወሰድኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ደስ ያለኝን ያህል እያፈርኩ ነው የምጽፍልሽ።

ሚጢጢ


ኅዳር 28

ሚጢጢዬ፣

ቀናሁ። አልደብቅሽም። "ራሱን ያዝኩት" የምትለዋን ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ወጥቼ አጥር ለአጥር ዞርኩ። እኔ ነኝ ያዢ ያልኩሽ፤ ስትይዢው ደግሞ ከእጄ ላይ የነጠቅሽኝ ነው የመሰለኝ። ሰው ጉድ ነው። ከዚያ ተመልሼ ቀጣዩን አነበብኩና ቀውላላው ሣጥን ያመጣልሽ ጋ ስደርስ ሳቅኩ። ድምፅ የለውም ሳቄ፣ ትከሻዬ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። እማዬ የማለቅስ መስሏት ሮጣ መጣች።

ይቅርታሽን አልቀበልም፣ ምክንያቱም ምንም አላጠፋሽም። ጥሪሽ ከእኔ ይሻላል። እኔ ሁልጊዜ እንደሰሙኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አንዲት ነገር ግን እንቅልፍ ነሣችኝ። የሽንት ቱቦ ባሻገር በዓይን ይጠበቃል ያለሽ ማነው? ራስ የያዘ ሰው ዓይኑ ፊቱ ላይ ነው ብዬ ጽፌልሽ የለም? አሁን ደህና ዞሯል፤ በሌላ ቀን ቱቦው አልጋው ብረት ሥር ይያዝና ሰውዬውን ታቆስሉታላችሁ። እግር ላይ ሰው መኖር አለበት፣ አለቀ።

ይሄንኑ ስብሰለሰል ቆየሁና አንድ ነገር መጣልኝ። እግር ላይ ጀማሪ ነው የምናቆመው። ለምን ይመስልሻል? ማዘዝ የለበት፣ መጥራት የለበት። ሁለት እጅና ሁለት ዓይን ይበቃዋል። እኔ ደግሞ ሁለት እጅና ሁለት ዓይን አለኝ፤ ሐኪሙም ለሥራ በቅተሻል ብሎ ፈርሞልኛል።

ለሜትሮኗ የነገርኳትን መልሻለሁ። ሰኞ እገባለሁ። እማዬ "ድነሽ ነው ወይስ አብደሽ?" አለችኝ። ሁለት ጣቴን አሳየኋት፤ ሁለቱንም።

ራሱን አንቺ ያዢ። እግሩን እኔ እይዛለሁ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 1

ለሲስተር፣

ማመልከቻዎ ደርሶን በደስታ ተቀብለነዋል። እግር ላይ የሚቆም ሰው የሚከተሉትን ያከብራል። አንደኛ፣ ራስ ላይ ላለችው ምክር አይሰጥም፤ በዓይንም ቢሆን። የአንቺን ዓይን አውቀዋለሁ። ሁለተኛ፣ ፈረቃ አያረፍድም። ሦስተኛውን ሳስታውስ እጽፋለሁ።

እታለሜ! አንብቤላቸው ክፍሉ ሁሉ ጮኸ። ቀውላላው ዳግመኛ መቀለድ ጀመረ፤ ለአንቺ ጋዋን ካጣን የእኔን ግማሽ እቆርጥላታለሁ እያለ ነው፣ ግማሹ ቢቆረጥ ለእሱ ምን እንደሚተርፈው እንጃ። መምህሩም ከማሽኑ ወጣ! ሲያወራ እንደ አንቺ አየር አየር ይላል፣ ለእሱ ግን ይመለሳል ብለውታል። ቀውላላው ሄዶ አልጋው ጎን ተንበርክኮ የሆነውን ሁሉ ነገረውና ይቅርታ ጠየቀው። መምህሩም "ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሁለት ሦስት ሳስተምር ሦስት ላይ የተጣላ ሰው አላየሁም" አለው። ከዚያ እጁን ያዘው። ብዙ ቆዩ እንደዚያ።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። አንቺ እያየሽኝ ማዘዝ ያስፈራኛል፣ እሱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ሁሉም "አለሁ" ሳይል አላዞርም ብያለሁ። ይሄን ሕግ ለአንዱ ካላላሁት ነገ ለሁሉም ይላላል፤ አንቺ ራስሽ ነሽ እንዲህ ያሳደግሽኝ። አንቺን ምን ላድርግሽ? እጅሽን አንሺ እንዳልልሽ እጅሽ ሰውዬው እግር ላይ ነው መሆን ያለበት። ራስሽን ነቅንቂ እንዳልልሽ የእኔ ዓይን ፊቱ ላይ ነው፤ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። እስከ ሰኞ አንድ መላ ፈልጊ። እኔም እፈልጋለሁ።

ሚጢጢ


ታኅሣሥ 5

ሚጢጢ፣

አጠገብሽ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። የነርሶች ክፍል ውስጥ ነን፣ ፀሐይዋ ወንበሩ ላይ ወጥታለች፣ አንቺ ደግሞ ጫማሽን ሳታወልቂ ሶፋው ላይ ተዘርረሽ አፍሽን ከፍተሽ ተኝተሻል። የጠዋቱን ልነግርሽ ፈልጌ ድምፅ የለኝም፤ ነቅተሽም ቢሆን መጻፌ አይቀርም ነበር። ስትነሺ ታነቢዋለሽ።

መላ አላገኘሁም ነበር። አንቺም እንዳላገኘሽ ዓይንሽ ሲንከራተት አይቻለሁ። አልጋ ሁለት ላይ ያለችውን ሴትዮ ከበብን። እግሯን ያዝኩ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ካልሲ ያስፈልጋታል። እዚያ ጥግ ስቆም ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ ሲታይ ሁሉም ጀርባና ክርን ነው፣ ራስ ላይ ያለው ሰው በጣም ሩቅ ነው። አንቺ ሣጥንሽ ላይ ቆመሽ ጉንጯን ያዝሽ። ስትጠሪ ድምፅሽ ቀጭን ነው፣ ግን ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ አንቺ ያዘነብላል። እኔን እንደዚያ አይሰሙኝም ነበር፤ እኔን ለመስማት መሞከር አያስፈልጋቸውም ነበራ።

ትከሻዎቹ መለሱ። ወገቦቹ መለሱ። "እግር?" አልሽ።

"አለሁ" አልኩ። ያለኝን ትንፋሽ በሙሉ አውጥቼ ነው ያልኩት። ከማስኬ አላለፈም። እዚያ መቆሜን ታውቂያለሽ፣ ስገባ ያቀፍሽኝ አንቺ ነሽ። ግን አላለፍሽኝም፣ ሕግሽን አላላላሽም። ዓይንሽን ከፊቷ ሳታነሺ "እግር?" ብለሽ ደገምሽ። ሴትዮዋ ትጠብቃለች፣ አምስት ሰው ይጠብቃል፣ እኔ አፌን ከፍቼ አየር አወጣለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። የያዝኩት የሰው እግር ባይሆን ኖሮ ለቅቄ እወጣ ነበር። እውነቴን ነው፣ በሩን አይቼው ነበር።

ያኔ ቀውላላው ከግራ ትከሻ ቀና እንኳ ሳይል "አለች!" አለ። ማንም አላዘዘውም። ከእሱ ቀጥሎ ከግራ ወገብ "አለች!" ተባለ። ከዚያ ከቀኝ፣ ሁለቱም አንድ ላይ፣ "አለች!"

መነጽሬ ጭጋግ ሆነ። እጄን ግን አልለቀቅኩም።

"አዙሩ" አልሽ። አዞርን።

እህትሽ